እንግዳ ሲገባ የተለካ ከፍታ

የሕዝቅኤል የዘወትር ተግባራት፦

ጎሕ ሲቀድ መነሣት።
ቧንቧው ውኃ ማምጣቱን ማየት፤ ካመጣ በርሜል መሙላት።
የመሣሪያ ሣጥኑን መፈተሽ፤ መሮ፣ መዶሻ፣ ውኃ ልክ፣ ሜትር፣ የቧንቧ ቁልፍ።
በአቶ በንቲ ደጃፍ ሲያልፍ ገብቶ እንዴት እንዳደሩ መጠየቅ።
ላፍቶ፣ ከታክሲ ማዞሪያው በታች ያለችውን ሱቁን መክፈት።
በተጠራበት ቤት የሚያንጠባጥበውን ማድረቅ፣ የተደፈነውን መክፈት።
አዲስ የሽንት ቤት መቀመጫ ሲተክል የሚቀመጥበትን ሰው አስቀምጦ መለካት።
እጅ መታጠብ። ዳግም መታጠብ።
ማታ የዋለበትን ለሚስቱ መንገር፤ በሰው ጓዳ ያየውን አለመንገር።

ሕዝቅኤል ቧንቧ ሠራተኛ ነው። የተወለደው ከሆሳዕና ወዲያ በሚገኝ የእንሰት አገር ሲሆን፣ ወደ ላፍቶ የመጣው ላፍቶ ገና የሚታረስ መሬት ሳለ ነው። ሲመጣ ዘመድ አልነበረውም። ከአንድ ገበሬ በተከራያት ቁራሽ ቦታ ላይ የጭቃ ቤት ሠራ፤ ክረምቱ ሲገባ ግን አንዱ ግድግዳ ጠጥቶ ጠጥቶ ወደ ውስጥ ተደረመሰ። በማግሥቱ ጭቃ ብቻውን ሲያቦካ አቶ በንቲ ከማሳቸው ሆነው አዩት። በሬዎቻቸውን ፈቱ፤ ሱሪያቸውን ጠቀለሉ፤ ጭቃው ውስጥ ገቡ። እስኪመሽ አብረው ሠሩ። ወጣቱ አመስግኖ ኪሱ ውስጥ ያለችውን ሊሰጣቸው ሲል ሳቁበት።

«ይኼ ወንፈል ነው እንጂ ቅጥር መሰለህ? አንድ ቀን ሰጥቼሃለሁ፤ አንድ ቀን ትመልስልኛለህ። ለአጨዳ እጠራሃለሁ» አሉት።

ለአጨዳ አልጠሩትም። ሰብሉ ሳይደርስ ማሳው ለቤት መሥሪያ ተለካና ችካል ተመታበት፤ በቀጣዩ ዓመት በዚያው ስፍራ የሲሚንቶ መደባለቂያ ቆመ። ለአቶ በንቲ የቀራቸው የመኖሪያ ግቢያቸው ብቻ ነበር። ሕዝቅኤል ሙያ ከለመደ በኋላ የዚያን ግቢ ቧንቧ ብዙ ጊዜ ጠግኗል፤ አቶ በንቲ ግን አንድም ቀን ሳይከፍሉ አላሰናበቱትም። «ይኼ ሙያ ነው፤ ይከፈልበታል። ወንፈል የጉልበት ነው» ይሉት ነበር። «ታዲያ አባባ፣ ማሳ የለ፣ አጨዳ የለ፤ ቀኑን የት ልመልስልዎ?» ሲላቸውም መልሳቸው አንድ ነበር፤ «ይቆይ። እንጀራ አይደል፣ አይሻግት!»

ቀኑ ቆየ። ሕዝቅኤል አገባ፣ ወለደ፣ ጠጉሩ ሸበተ። አቶ በንቲም አረጁ።

እርጅናቸው በቀኝ ጉልበታቸው ጀመረ። መጀመሪያ ደረጃ መውጣት ከለከላቸው፤ ቀጥሎ ቁጢጥ ማለት። የግቢው ሽንት ቤት ከጓሮ ጥግ ያለ የጉድጓድ ሽንት ቤት ስለነበረ፣ ቁጢጥ ማለት የማይችል ሰው ሊገለገልበት አይችልም። ልጃቸው ቢፍቱ የፕላስቲክ ወንበር መሐሉን ቆርጣ፣ ከሥሩ ባልዲ አኑራ፣ በሰፊው ጓዳ ውስጥ አዘጋጀችላቸው። ቢፍቱ ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ የመጋረጃ ጨርቅ የምትሸጥ፣ ያላገባች፣ ጠንካራ ሴት ናት። ጠዋት ሱቋን ከመክፈቷ በፊትና ማታ ከዘጋች በኋላ አባቷን በብብታቸው ይዛ ታስቀምጣለች፤ ይዛ ታነሣለች። ቀን ቀን ይህን የሚያደርጉት እናቷ ወይዘሮ አማከለች ነበሩ።

አቶ በንቲ ስለ ሕመሙ አላማረሩም። ሊሸከሙት ያልቻሉት፣ ያሳደጓት ልጃቸው ልብሳቸውን ስታስተካክል ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው የሚቆሙባትን ቅጽበት ነበር። ልጃቸውን አንድ ነገር ብቻ ለመኗት።

«ገብቼ በሩን የምዘጋበት፣ ራሴ ተነሥቼ የምወጣበት ቦታ ብቻ ሥሪልኝ። ሌላ አልፈልግም።»

ቢፍቱ ከመኝታ ቤቱ ጎን ያለችውን ጠባብ ዕቃ ቤት መረጠች። ክፍሏ ከመጥበቧ የተነሣ፣ የውኃ ገንዳው ከኋላ የተለጠፈበት የተለመደው መቀመጫ ቢገባ በሩ አይዘጋም። ስለዚህ ሕዝቅኤል ገንዳው ግድግዳ ውስጥ የሚቀበር፣ መቀመጫውም ወለል ሳይነካ ከግድግዳው የሚንጠለጠል ዓይነት እንዲገዛ መከራት። ምክሩ ትክክል ነበር። መሬት ላይ የሚቆመውን መቀመጫ ከፍታ የሚወስነው ፋብሪካው ነው፤ ለረጅሙም ለአጭሩም፣ ለጤነኛውም ለሕመምተኛውም አንድ ነው። የሚንጠለጠለው ግን ገንዳውንና መቀመጫውን የሚሸከመው የብረት ፍሬም በቆመበት ልክ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ነገር ግን ፍሬሙ ከታሠረ፣ ግድግዳው ከተዘጋና ሴራሚክ ከለበሰ በኋላ ከፍታውን መለወጥ የሚቻለው በማፍረስ ብቻ ነው።

ሕዝቅኤል ለዚህ ሥራ የራሱ ዘዴ ነበረው። አንድ ብሎኬት ያጋድማል፤ በላዩ የተላጉ ጣውላዎች ይደራርባል፤ ሰውየውን አስቀምጦ ያለ እጅ ድጋፍ እንዲነሣ ያደርጋል። ካልተነሣ አንድ ጣውላ ይጨምራል። ሰውየው ሳይጨነቅ የተነሣበትን ከፍታ በሜትር ለክቶ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ያሰምራል። በዚህ ዘዴ ለብዙ ቤቶች ሠርቷል፤ ቅሬታ ሰምቶም አያውቅም።

በዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ብሎኬቱን በመኝታ ቤቱ በር ላይ አጋደመ። አቶ በንቲ ጋቢያቸውን እንደ ደረቡ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ።

«አባባ፣ ኀፍረት እንዳይሰማዎ። ልብስ ሰፊም እኮ ሰው ይለካል» አለ ሕዝቅኤል።

«ልብስ ሰፊ ወገብ ነው የሚለካ። አንተ ምኔን ልትለካ ነው የመጣኸው?»

ወይዘሮ አማከለች በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። እርሳቸውም ቀጥ ብለው አልቆሙም፤ የበሩን መቃን ተደግፈው ነበር። በዚያ ቤት ወይዘሮ አማከለች ሁልጊዜ አንድ ነገር ተደግፈው ይታዩ ነበር፤ ይህን ግን ልብ ያለው ሰው አልነበረም።

አቶ በንቲ በብሎኬቱና በሁለት ጣውላዎች ላይ ተቀመጡ። ሊነሡ ሞከሩ፤ አልሆነም። ሕዝቅኤል ደግፎ አነሣቸውና አንድ ጣውላ ጨመረ። አሁንም ተቀመጡ፤ እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ አኑረው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ከግንባራቸው ላብ ወጣ።

«ቆይ፤ አታጣድፈኝ» አሉ።

«ማን ያጣድፍዎታል አባባ? ካቃተዎት እንጨምራለን። ጣውላ ሞልቷል።»

በዚህ መሐል የግቢው በር ተንኳኳና፣ መልስ ሳይጠብቅ የሚገባ ሰው ድምፅ ተሰማ። «እነ በንቲ! አላችሁ?»

የመጡት የእድሩ ዳኛ አቶ መዝገቡ ነበሩ። በዕድሜ አቶ በንቲን ይበልጧቸዋል፤ ገና በሬ ጠምደው ሲያርሱ ጀምሮ በፉክክርና በቀልድ የኖሩ ባልንጀሮች ናቸው። አቶ መዝገቡ ገና አንድ እግራቸውን ከደፉ ሲያሳልፉ፣ አቶ በንቲ ከጣውላው ላይ ቀጥ ብለው ተነሡ።

«ኖር!»

«በእግዜር! በእግዜር! ኧረ ተቀመጥ!» አሉ አቶ መዝገቡ፤ ቆባቸውን እያወለቁ። «እግሩን ይዞት አልጋ ላይ ዋለ ብለውኝ ልጠይቅህ ብመጣ፣ አንተ እቴ! እንደ ጎረምሳ ትዘላለህ!»

«የሴቶች ወሬ ነው። እነሱ ናቸው የሚያሙኝ።»

«ይኼ የጣውላ ክምርስ ምንድን ነው? ዙፋን ልታሠራ ነው?»

«አዎን። ይኸው ለንግሥናዬ ልኬን የሚወስድ ባለሙያ አስመጥቻለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ወይዘሮ አማከለች አልሳቁም። ወደ ሕዝቅኤል ጠጋ ብለው ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ልጄ፣ አሁን የተነሣው ለመዝገቡ ነው። ብቻውን ሲሆን ለማን ይነሣል?» አሉት።

አቶ በንቲ ግን ጆሯቸው አልደከመም ነበር። «አንቺ ደግሞ! ተነሣሁ አይደለም እንዴ? ሰውየው በዓይኑ አየ። በል፣ አስምር!»

ሕዝቅኤል ሜትሩን ዘረጋ። ከወለሉ እስከ ጣውላው ጫፍ አርባ ሁለት ሴንቲ ሜትር ነበር። እርሳሱን የያዘ እጁ ጥቂት ዘገየ። ወይዘሮ አማከለች ያሉትን በሚገባ ሰምቷል፤ እውነት መሆኑንም ያውቃል። ይሁን እንጂ ሽማግሌን በወዳጁ ፊት «እስቲ እንደገና ተቀምጠው ይነሡ» ማለት በእርሱ አስተዳደግ ነውር ነው። ሰው በልጁ እጅ እንደሚነሣ ለባልንጀራው ማሳየት፣ በአደባባይ ልብሱን እንደ መግፈፍ ነው። ሕዝቅኤል ይህን ሊያደርግ አልፈለገም። በማግሥቱ ጠዋት ብቻቸውን አግኝቶ ሊለካቸው ይችል ነበር፤ ሲሚንቶው ግን ተቦክቶ፣ ሴራሚክ የሚያነጥፈው ሰው ለነገ ተቀጥሮ ነበር። አሰመረ። ፍሬሙን በዚያው መስመር አቆመ፤ በውኃ ልክ አስተካከለ፤ ግድግዳውን ዘጋ።

ሥራው ሲያልቅ ያማረ ነበር። ሴራሚኩ ነጭ ነው፤ መቀመጫው ከግድግዳው የበቀለ ይመስላል፤ የውኃ መልቀቂያ ቁልፉ ሲነካ ውኃው በግድግዳው ውስጥ ያለ ጩኸት ይወርዳል። ቢፍቱ በሩ ላይ ከውስጥ የሚቆለፍ መቀርቀሪያ አስገጠመች።

በመጀመሪያው ጠዋት አቶ በንቲ ብቻቸውን ገቡ። መቀርቀሪያው ሲወድቅ እናትና ልጅ ተያዩ፤ ቢፍቱ ፈገግ አለች። ቆሙ፤ ጠበቁ። ውኃው ወረደ። በሩ ግን አልተከፈተም። ከውስጥ የሚሰማው የሚቃትት ሰው ትንፋሽ ነበር፤ ቀጥሎም የሴራሚኩ ግድግዳ ላይ የሚንሸራተት መዳፍ። ትንፋሹ ያርፋል፤ ይቀጥላል፤ ያርፋል።

«አባዬ፣ ልግባ?» አለች ቢፍቱ።

ጆሮዋን ወደ በሩ አስጠጋች።

በመጨረሻ አቶ በንቲ በምርኩዛቸው ጫፍ መቀርቀሪያውን ከነበሩበት ገፉት። በሩ ሲከፈት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተቀምጠዋል። «ነይ» ብቻ አሉ።

ቢፍቱ አባቷን ለማንሣት ገባች። ሰፊው ጓዳ ውስጥ በጎን ቆማ ታነሣቸው ነበር፤ በዚህች ጠባብ ክፍል ግን ለሁለት ሰው ቦታ ስለሌለ ከፊት ለፊት ቆማ፣ ጉልበቷን በጉልበታቸው መሐል አድርጋ፣ አቅፋ መሳብ ነበረባት። አባቷ እንዳይታዩ ያሠሩት ክፍል ከቀድሞው ይልቅ አጋለጣቸው። ከዚያን ቀን በኋላ መቀርቀሪያውን የቆለፈው ሰው የለም።

ለሕዝቅኤል ግን አልነገሩትም። አቶ በንቲ ከልክለው ነበር። «ልፋቱ ነው። በሠራው ሥራ አታሳፍሩት» ብለዋል። ሕዝቅኤል እንደ ልማዱ ጠዋት ሲያልፍ ከበሩ ብቅ ብሎ፣ «አባባ፣ እንዴት አደሩ? ዙፋኑስ?» ይላቸዋል። «ግሩም ነው! ንጉሥ አድርገኸኛል» ይሉታል። ሳቅ ብሎ ይሄዳል። እንዲህ እየተባባሉ ሰነበቱ። በዚያ ጊዜ አቶ በንቲ ውኃ መጠጣት ቀንሰው ነበር፤ ባልጠጣ አልሄድም ብለው ነው።

ነገሩን ያወጡት ወይዘሮ አማከለች ናቸው። አንድ ጠዋት በዝግታ፣ በየአጥሩ እጃቸውን እያሳረፉ፣ ከቤታቸው እስከ ታክሲ ማዞሪያው ወርደው ሕዝቅኤል ሱቅ ደረሱ። ሕዝቅኤል በርጩማ አቀረበላቸው። ዐይተውት አልተቀመጡም።

«ልጄ፣ ግድግዳ ከተዘጋ በኋላ ይፈርሳል?»

«ይፈርሳል እማማ። ምነው? አፈሰሰ?»

«አላፈሰሰም። አይነሣም።»

ሕዝቅኤል እጁ ላይ የነበረውን ቧንቧ አስቀመጠ። ወይዘሮ አማከለች አልወቀሱትም፤ «ብዬህ ነበር» አላሉትም። ስለ ውኃው፣ ስለ መቀርቀሪያው፣ ስለ ጠባቧ ክፍል ባጭሩ ነገሩት። «እኔ እንደ ነገርኩህ እንዳያውቅ። ራስህ እንዳሰብከው አድርገህ ና» አሉት።

«ቅዳሜ እመጣለሁ» አለ።

ቀኑ ሰኞ ነበር። ሕዝቅኤል በዚያ ሳምንት ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ሥራ ይዞ ነበር፤ ከላይኛው ወለል ወደ ታችኛው ውኃ እየሰረገ ስለነበር አሠሪው በየሰዓቱ ይደውልለታል። ሥራውን ጥሎ ቢሄድ ሰው እንደሚቀየመው አሰበ። የአቶ በንቲ ቤት የቆየ ወዳጅ ቤት ስለሆነ እስከ ቅዳሜ ይታገሠኛል አለ። ሰው የሚያስቀድመው የሚጮኽበትን ነው፤ ዝም ያለውን ያቆየዋል። ሕዝቅኤልም እንዲሁ አደረገ።

ሐሙስ ዕለት ቢፍቱ ሱቋ ነበረች። ወይዘሮ አማከለች ወፍጮ ቤት ሄደው ዘገዩ። አቶ በንቲ ብቻቸውን ገቡ፤ ሊነሡ ሞከሩ። ግማሽ ድረስ ሳይነሡ አልቀሩም፤ ምክንያቱም የተገኙት ወደ ፊት ተደፍተው፣ ራሳቸው በበሩ በኩል ሆኖ ነው። የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ነበር። ሐኪሙ ልባቸው ቀዶ ጥገና እንደማይችል ለቢፍቱ ነገራት። ወደ ቤት ተመለሱ፤ ከአልጋም አልወረዱም።

ቅዳሜ ሕዝቅኤል እንደ ቃሉ መሮውንና መዶሻውን ይዞ መጣ። የሰማው በሩ ላይ ነበር። ቢፍቱ የመሣሪያ ሣጥኑን አየችው።

«አሁን ለማን ልታፈርሰው ነው፣ ጋሽ ሕዝቅኤል?»

ሕዝቅኤል ሣጥኑን ደጅ አስቀምጦ ገባ፤ አልጋው አጠገብ ቆመ።

«አባባ፣ በለካሁዎት ዕለት እማማ ነግረውኝ ነበር። ሰምቼ ነው ዝም ያልኩት።»

አቶ በንቲ ዓይናቸውን ወደ እርሱ መለሱ። «እኔም ስላላቃተኝ አይደለም የተነሣሁት። አውቀዋለሁ» አሉ። «ሁለታችንም መዝገቡን አከበርን። እሱ ደግሞ ምንም አላወቀ፣ ምስኪን።»

አቶ መዝገቡም ሊጠይቁ መጡ። ደፉን ሲያልፉ አቶ በንቲ አንገታቸውን ከትራሱ ቀና ለማድረግ ታገሉ። «ኖር» አሉ። አቶ መዝገቡ «በእግዜር» የሚለውን ጀምረው መጨረስ አልቻሉም። ቆባቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ፤ በዚያ ቀን አልቀለዱም።

ሕዝቅኤል በየጠዋቱ መግባቱን አላቋረጠም። አቶ በንቲ እየመነመኑ ሄዱ፤ ዓይናቸው ግን ክፍሉን ይከታተል ነበር። የሚያዩትም ሌላ ነገር ስላልነበረ ሚስታቸውን ያያሉ። አንድ ጠዋት ሕዝቅኤል ሲገባ ቢፍቱም በነበረችበት፣ «ቀኔን አምጣ» አሉት።

«የቱን ቀን አባባ?»

«የጭቃውን። ረሳኸው?»

«አልረሳሁም። ምን ልሥራልዎ?»

«ያንን ግድግዳ አፍርሰህ ከፍ አድርገው። ገንዘብ ብትቀበል አልታረቅህም። ቀኔን ነው የምትሰጠኝ።»

ቢፍቱ ወደ አልጋው ጠጋ አለች። «አባዬ… ማን ሊቀመጥበት?»

«እናትሽ ናታ! ተኝቼ ሳይ ነው ያወቅሁት። ይህች አልጋ ጫፍ ላይ ከተቀመጠች የአልጋውን ብረት ሳትይዝ አትነሣም። ጓሮ ወርዳ ስትመለስ ትንፋሽ ያጥራታል። እኔን ስታነሣ ነው ጉልበቷ ያለቀ። ማን ጠየቃት? አንቺ ጠየቅሻት? እኔስ ጠየቅኋት?»

ወይዘሮ አማከለች የአልጋውን ብረት ይዘው ቆመዋል። እጃቸውን ሊያነሡ ፈለጉ፤ አላነሡም። «ደኅና ነኝ፤ እሱን ተወው» አሉ።

«ደኅና አይደለሽም። አንተ ደግሞ» አሉ አቶ በንቲ ወደ ሕዝቅኤል ዞረው፤ «ሰው እያያት አትለካት። የኔን አይተሃል። ጣውላውን ስጣትና ውጣ። በሩ ይዘጋ። የግቢውም በር ይዘጋ። ማንም ቢያንኳኳ አይከፈትም። እሷ ራሷ ትንገርህ።»

እንደታዘዘው ሆነ። ሕዝቅኤል ብሎኬቱንና ጣውላዎቹን በጓዳው አዘጋጅቶ ወጣ። ቢፍቱ የግቢውን በር ቆልፋ ቁልፉን እጇ ላይ ያዘች። ሁለቱ ግቢው መሐል ቆሙ። አንድ ሰው አንኳኳ፤ አልከፈቱም፤ ሄደ። ከጓዳው ውስጥ ጣውላ በጣውላ ላይ ሲቀመጥ ይሰማል፤ ዝምታ ይሆናል፤ እንደገና ጣውላ ይሰማል።

ወይዘሮ አማከለች በሩን ከፈቱ። ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። «ለዛሬ ይኼ ይበቃኛል» አሉ ወደ ክምሩ እያመለከቱ፤ ከዚያም አንድ ጣውላ በገዛ እጃቸው ጨመሩበት። «ለከርሞ ደግሞ ይኼ።»

ሕዝቅኤል ለካ። አርባ ስምንት ሴንቲ ሜትር ሆነ። «እማማ፣ እግርዎ ወለሉን ይነካል?» ብሎ ጠየቀ። ነክቷል አሉት። ተረከዝም? ተረከዝም አሉ። ሌላ ሳይጠይቅ በግድግዳው ላይ አሰመረ።

በነጋታው ማልዶ መጣ። ስልኩን ዘግቶ ከሣጥኑ ሥር አኖረው። መቀመጫውን ፈታ፤ ነጩን ሴራሚክ በመሮ ፈለፈለ፤ ግድግዳውን ከፍቶ ፍሬሙን አወጣ። የመዶሻው ድምፅ በአቶ በንቲ ራስጌ ባለው ግድግዳ ያልፍ ስለነበር ቢፍቱ ይረብሻቸዋል ብላ ልታስቆመው ወጣች። አባቷ ጠሯት። «ተዪው ይምታ። የጭቃው ቀንም እንዲሁ ነበር» አሉ። ሕዝቅኤል ምሳ ሲቀርብለት ቆሞ በላ። ፍሬሙን በአዲሱ መስመር አቆመ፤ ውኃ ልኩን አንድ ጊዜ አስቀመጠ፤ አንሥቶ አዙሮ እንደገና አስቀመጠ። ቶሎ የሚደርቅ ሲሚንቶ አምጥቶ ነበርና እስከ ማታ ብሎኖቹ ጠበቁ። የተሰበረውን ሴራሚክ የሚተካ ተመሳሳይ አልተገኘም፤ ባገኘው ግራጫ ሸፈነው። ነጩ ግድግዳ መሐል ላይ ግራጫው እንደ መጣፊያ ይታያል። ዛሬም እንዲሁ ነው።

ሲመሽ እጁን ታጠበ፤ ዳግም ታጠበ። ወደ አልጋው መጣ።

«አለቀ?» አሉ አቶ በንቲ።

«አለቀ አባባ።»

«አማከለች፣ ሂጂ።»

«አሁን እንኳ አልመጣብኝም…»

«ሂጂ ብዬሻለሁ።»

ወይዘሮ አማከለች ገቡ። መቀርቀሪያው ወደቀ። አቶ በንቲ ዓይናቸውን ጨፍነው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቆይቶ ውኃው በግድግዳው ውስጥ ወረደ። ከዚያ የሚቃትት ትንፋሽ አልተሰማም፤ የሚንሸራተት መዳፍም አልተሰማም። መቀርቀሪያው ተነሣ። ወይዘሮ አማከለች በሩን ራሳቸው ከፍተው ወጡ። ነጠላቸውን እያስተካከሉ ነበር፤ ሁለቱም እጆቻቸው ነጠላው ላይ ነበሩ።

አቶ በንቲ ዓይናቸውን አልከፈቱም።

«ቀኔ ደረሰኝ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ሲያርፉ ድንኳኑን የተከሉት አቶ መዝገቡና የእድሩ ሰዎች ናቸው። ሕዝቅኤል ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ከጎረቤቱ ጋር ተቀመጠ፤ ሰው በገባ ቁጥር እንደ ሁሉም «ኖር» እያለ ተነሣ። ወይዘሮ አማከለች ሲያልፉት ግን እጁን ይዘው አስቀመጡት።

ዛሬም በዚያ ደጃፍ ሲያልፍ ይገባል፤ እማማ እንዴት አደሩ ይላል። መቀመጫ ሲተክል ጣውላዎቹን ለባለቤቱ ሰጥቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ውጭ ይቆማል። ብስራተ ገብርኤል ያለው ፎቅ ቤት እንደገና ማፍሰስ እንደ ጀመረ ተነግሮታል፤ ወደዚያ አልተመለሰም።

ሕዝቅኤል ከአቶ በንቲ የአንድ ቀን ጉልበት ተበድሮ ነበር። አንድ ቀን መልሷል። ዕዳው ተከፍሏል።